ጮክ ብለሽ አንብቢው

አስናቀች ስልክ ስትደውል ሰላምታ አታበዛም። የዕድሜዋን ግማሽ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ስለሠራች መስመር ማጨናነቅ ኃጢአት ይመስላታል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ኦሎምፒያ ታክሲ እየጠበቅኩ ሳለ ደወለችና «ቲጂ፣ ጋሽ ተስፋይ አረፉ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ውሰጂኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። ከዚያ እሷም አልዘጋችው፣ እኔም አልዘጋሁት። አስናቀች ስልክ ይዛ ዝም ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታክሲው መጥቶ ሄደ። ሌላም መጣ። ወያላው «እህት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» ሲለኝ አጠገቤ ያለው ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። አለቀስኩ። አስተናጋጇ ሳልጠይቃት ሶፍት አምጥታ አስቀመጠችልኝ። ጋሽ ተስፋይ ቢያዩኝ ኖሮ «ለቅሶውን ተይና ስክሪኑ ምን ይላል?» ይሉኝ ነበር።

ያወቅኳቸው ካዛንቺስ ነው፤ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትንና ሌላም ጽሑፍ በድምፅ እየቀዳ የሚያድል አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። እኔ ቀረጻ ክፍል ነበርኩ። በጎ ፈቃደኞች መጥተው ሲያነቡ ማይክሮፎን አስተካክላለሁ፣ ሲሳሳቱ አስደግማለሁ፣ ያነበቡትን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥና ኋላ ወደ ካሴት እገለብጣለሁ። ጋሽ ተስፋይ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሰው ነበሩ። ድሮ የቴሌክስ ቴክኒሻን ነበሩ አሉ። ቴሌክስ ሲቀር እኩዮቻቸው ጡረታ ወጡ፤ እሳቸው ግን መነጽር አስለውጠው ኮምፒውተር ተማሩ።

ቁመታቸው አጭር ነው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ ከልካቸው ከፍ ይላል። ኮምፒውተር ሊፈቱ ሲሉ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ያወልቃሉ፣ ባርኔጣቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ባርኔጣውን ቁምሳጥኑ ራስ ላይ ያወጡታል። ሥራው እስኪያልቅ ሰዓት አይጠይቁም፤ የሚጠይቅ ሰውም አይወዱም። «ሰዓት ያየ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ አይሰማም» ይሉ ነበር። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ሲያዩን እኛ ወጣቶቹ ወዲያው ሥራ እናገኛለን።

ዋናው ነገራቸው ግን ማስነበብ ነው። አንድ ማሽን እምቢ ካለ እሳቸው ስክሪኑን አያዩትም። ወንበራቸውን ዞር አድርገው ጀርባቸውን ለማሽኑ ይሰጡና «ጮክ ብለሽ አንብቢው» ይላሉ። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን «ጋሽ ተስፋይ፣ ኧረ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ስላቸው «ተበላሸ የሚለውን ያልሽው አንቺ ነሽ። እሱ ምን አለ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከላይ እስከ ታች፣ እንግሊዝኛውን ከነቁጥሩ፣ ምንም ሳልዘል አነባለሁ፤ ቀጥዬ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ሳልጨርስ ችግሩ የት እንዳለ ራሴ ይገባኝና አፍራለሁ። «አየሽ? ማሽን አያኮርፍም፤ ሰሚ ካገኘ ይናገራል» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሌላውን እንዲህ የሚያስነብቡት ሰውዬ ግን እሳቸው ራሳቸው ጮክ ብለው አያነቡም። በጎ ፈቃደኛ ጠፍቶ ስቱዲዮው ባዶውን ሲውል እንኳ «ጋሽ ተስፋይ፣ እስቲ አንድ ገጽ» ስንላቸው ሥራ እንዳለበት ሰው ብድግ ብለው ይወጣሉ። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማኪያቶ ጋብዘውኝ። ከአዲግራት አካባቢ አዲስ አበባ ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ፤ አማርኛውም ገና አልተስተካከለላቸውም። አስተማሪው አስነስቶ አስነበባቸው። «ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ለሰው አንብቤ አላውቅም» አሉኝና ስኳሩን ማማሰል ቀጠሉ። ሲናገሩ «ቀ» የምትለዋን ከጉሮሯቸው ጠለቅ አድርገው ያወጧታል፤ እኔ እንዲያውም እወድላቸው ነበር። ለመናገር ግን ደፍሬ አላውቅም።

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ወደ ቢሮአችን የገባው በእሳቸው ነው። በፊት የነበረው ሲስተም ከገበያ የተገለበጠ ነበር፤ በየሰዉ ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ አንድ ሰሞን የወራት ቅጂ ጠራርጎ በላብን። ጋሽ ተስፋይ ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅረው ዋሉና ሊኑክስ ጫኑበት። ከዚያም «አሁን ከርነሉን በልካችን እንሰፋዋለን» አሉ። ከርነል የሚሉት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉም በፊት የሚነቃውን፣ ዲስኩንም ድምፁንም ኪቦርዱንም የሚያገናኘውን የሲስተሙን ልብ ነው። ከመሠራቱ በፊት ጥያቄ ያበዛል፤ ይህን ዓይነት ዲስክ ላውቅ? ያን ዓይነት ካርድ ልቀበል? ጥያቄው አያልቅም። እኔ አንባቢ፣ እሳቸው ቆሎ እየቆረጠሙ ፈራጅ ሆንን። አነባለሁ፤ «ይግባ» ይላሉ። አነባለሁ፤ «አይግባ»። ከ«ይግባ» ይልቅ «አይግባ» በዛ።

«ጋሽ ተስፋይ፣ ይሄ እንኳ ቢገባ ምን ይጎዳል?» አልኳቸው አንዱ ላይ።

«ለማይመጣ እንግዳ ወንበር አይያዝም። ማሽናችን አሮጌ ነው፤ ቀለል ይበልለት።»

እውነትም ቀለለለት። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ሲሠራ ዋለ፣ ሲሠራ ከረመ። ጋሽ ተስፋይም አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ሲነሳ ያሳዩ ነበር።

አስናቀች ወደ እኛ መምጣት የጀመረችው በዚህ መሃል ነው። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ዓይኖቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አያዩም፤ ጆሮዋ ግን ጉድ ነው። አንድ ጊዜ የሰማችውን ድምፅ በዓመቱ ታውቀዋለች። መሥሪያ ቤቷ አውቶማቲክ ስልክ ሊያስገባ ሆነና ኦፕሬተሮቹን ሰብስቦ ነገራቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ላይ ፈተና ይሰጣል፣ ያለፈ ወደ አቤቱታ ክፍል ይዛወራል፣ ያላለፈ ይሰናበታል። አስናቀች እናቷን ይዛ ወሎ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ለሁለቱም ያለችው እሷ ናት። «ከዚህ ከወጣሁ ማነው እኔን የሚቀጥረኝ?» አለችኝ፤ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

መመሪያው ወፍራም ነው። በጎ ፈቃደኞቻችን ተካፍለው አነበቡላት። እሷም ከሥራ ስትወጣ እየመጣች፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትሰማለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ወደ ካሴት ገልብጬ ሰጠኋት። ቀሪው ግማሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር።

ፈተናው ሐሙስ ሊሆን፣ በፊተኛው ዓርብ መብራት ድርግም አለና ተመለሰ። ሲመለስ ግን እንዲያው አልተመለሰም፤ ቀረጻ ክፍል ውስጥ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተኝ። ኮምፒውተሩ ሞተ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተስፋይ ከመድረሳቸው በፊት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘለቀ መላ የመሰላቸውን አደረጉ። አቶ ዘለቀ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ደግነታቸው ይፈጥናል። ሀርድ ዲስኩን አስወጥተው የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አሰኩት። ያኛው ሲስተም ሊኑክስ የጻፈውን ማንበብ አያውቅም፤ የማያውቀው ነገር ሁሉ ባዶ ይመስለዋል። «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም። ፎርማት ላድርገው?» ሲል ጠየቀ። አቶ ዘለቀ ማውሱን ይዘው ወደ እኔ ዞሩና «ቲጂ፣ እሺ ልበለው?» አሉኝ።

«እጅዎን ያንሱ!»

ጋሽ ተስፋይ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የኮታቸው አንዱ እጅጌ ገብቶ አንዱ ተንጠልጥሏል። አቶ ዘለቀ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ ሁለቱንም። ጋሽ ተስፋይ መጥተው «አይ» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ፤ ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ፎርማት የሚለው ቃል በእሳቸው ፊት እንደ ስድብ ነው። «የሰነፍ ንስሐ» ይሉታል፤ ኃጢአቱንም ጽድቁንም አብሮ ስለሚጠርግ።

መጋዘን ውስጥ በዕርዳታ የመጣ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፣ ሥሪቱ የተለየ። ዲስኩን እሱ ውስጥ ከተቱት። ሲበራ ስክሪኑ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቅ አሉና ቆመ። ጋሽ ተስፋይ ጀርባቸውን ሰጥተው «አንብቢ» አሉኝ።

«ኤል፣ አይ። በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም። ኤል፣ አይ ብሎ ዝም።»

ፈገግ አሉ። ሲስተሙን የምታስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ሊሎ ትባላለች፤ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ናት። አንድ እርምጃ በሄደች ቁጥር ከስሟ አንድ ፊደል ትጽፋለች። «ግማሽ መንገድ መጥታለች ማለት ነው» አሉ። «ዲስኩ ያው ነው፤ አዲሱ ማሽን ግን ዲስኩን በሌላ መንገድ ነው የሚቆጥረው። ግራ ገባት። እንደገና እናሳያታለን።» የማዳኛ ሲዲያቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና በእሱ አስነሱት። ፋይሎቹ ዝርዝራቸው ታየ፤ የአስናቀች መመሪያም አለ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩም፤ ግን ያ ሲዲ ድምፅ የሚያጫውትበት የለውም፣ እኛም የምንገለብጥበት ትርፍ ዲስክ የለንም። ዲስኩ በራሱ እግር መነሳት ነበረበት። ሊሎን አስተካከሉና ሲዲውን አወጡት።

አራቱም ፊደል ተጻፈ። አጨበጨብኩ። ከዚያ ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላና መጨረሻው ላይ ደረቀ። አነበብኩ፤ ከርነሉ ዲስኩን ማግኘት አልቻለም፣ ስለዚህ መቀጠል አይችልም ይላል።

ጋሽ ተስፋይ ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህ ማሽን ዲስክ የሚገናኝበትን ካርድ» አሉ፣ «ያን ጊዜ ምን ብዬው ነበር?»

አስታወስኩ። በለሆሳስ መለስኩ።

«ጮክ በይ።»

«አይግባ ብለውት ነበር።»

«አይግባ ብዬዋለሁ» አሉ። «ወንበር ከልክዬው ኖሯል። እሺ፣ እንግዳው መጥቷል፤ ከርነሉን እንደገና እንሠራለን።» ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንድም ቃል ምክንያት አልደረደሩም።

ግን ያ ጊዜ የመብራት ፈረቃ ነው። የካዛንቺስ ተራ ከቀትር በኋላ ሊጠፋ ነው፤ ከርነል መሥራት ደግሞ በዚያ አሮጌ ማሽን ሰዓታት ይፈጃል። ሰኞ ይሁን ያሉት አቶ ዘለቀ ብቻ ናቸው። ጋሽ ተስፋይ ወደ እኔ ዞረው «አስናቀች ሰፈር ፈረቃው ተቃራኒ አይደለም እንዴ? ደውዪላት» አሉ። ደወልኩ። «መብራት አለ። ኑ» ብላ ዘጋችው።

የዘበኛችንን ጋቢ ተውሰን ኮምፒውተሩን ጠቀለልነው። እሱን ጋሽ ተስፋይ ታቀፉ፤ ሞኒተሩን እኔ። ታክሲው ውስጥ ወያላው ጋቢውን አይቶ «ፋዘር፣ ሕፃን ነው ዕቃ?» አለ።

«በሽተኛ ነው።»

«እግዜር ይማረው» አለና አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ጠጋ በይላቸው አላት። እስከ ወሎ ሰፈር ሳቄን ይዤ መጣሁ። ጋሽ ተስፋይ አልሳቁም፤ ደጋግመው የእጅ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ያን ቀን አላወለቁትም።

የአስናቀች ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ካላንደር። እናቷ ጠረጴዛውን አስለቀቁልን፣ ምሳም አቀረቡልን። አስናቀች ጥግ ላይ ዱካ ስባ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩን ስንሰካው የውስጥ ባትሪው ሞቶ ኖሮ ቀኑ ጠፍቶበት «ዛሬን ንገሩኝ» አለ። ጋሽ ተስፋይ ካላንደሩን ቀና ብለው አይተው ነገሩትና በማዳኛ ሲዲው አስነሱት። እንደገና ጥያቄው መጣ፣ እንደገና አነበብኩ፣ «ይግባ»፣ «አይግባ» ተባለ። ያ የተከለከለው ካርድ ላይ ስንደርስ «ይግባ፣ ይግባ፣ ግባ ወንድሜ» አሉት፤ የአስናቀች እናት ሰው የመጣ መስሏቸው ወደ በሩ ዞሩ።

ሥራው ተጀመረ፤ መስመሮች መፍሰስ ያዙ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስላነበብኩ፣ ጉንፋንም ስለነበረብኝ፣ ድምፄ መሻከር ጀምሯል። በመሃል ማስጠንቀቂያ ብጤ መጣ።

«ፋይሉ የተጻፈበት ጊዜ ወደፊት ነው ይላል።»

ጋሽ ተስፋይ ሰዓታቸውን አዩ። «ይለፍ» አሉ።

ገረመኝ። እሳቸው ማሽን የተናገረውን ይለፍ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ግን የዚህም ሰፈር መብራት እምነት አይጣልበትም፤ ስለዚህ እኔም አለፍኩት።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ተጠናቀቀ። አዲሱን ከርነል ለሊሎ አሳዩአትና አስነሱት። አራቱ ፊደላት መጡ። ከርነሉ ነቃ። ዲስኩን አገኘው! ጋሽ ተስፋይ «ጽቡቕ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት፤ በጣም ሲደሰቱ ነው ትግርኛቸው የሚመጣው። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ቆመ።

«አንብቢ።»

አነበብኩ። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ወደፊት ነው፤ በእጅ ሳይመረመር አልቀጥልም ይላል። ጋሽ ተስፋይ አስደገሙኝ። ደገምኩ። ግንባራቸውን ያዙ። ዲስኩም አብሮ ተመቶ ይሆናል ብለው እንደፈሩ ገባኝ። «ምናልባት...» አሉና አልጨረሱትም። ያን የማይወዱትን ቃል፣ ፎርማትን፣ ሊሉት መሰለኝ። አስናቀች ላይ ዓይኔን ጣልኩ፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ማሽኑ ድምፅ ጆሮዋን አዘንብላለች። ለፈተናው አምስት ቀን ነበር የቀራት።

«ቲጂ» አለች፣ «ቅድምም ወደፊት ብሎ ነበር።»

«አዎ።»

«አሁንም ወደፊት ይላል። ሰው ሁለት ጊዜ ከደወለ የሚፈልገው ያንኑ ነገር ነው። እኔ ስልክ ላይ የማውቀው ይሄንን ነው። ለመሆኑ ዛሬን ስንት ነው ብላችሁ ነገራችሁት?»

ጋሽ ተስፋይ ቀስ ብለው ወደ ካላንደሩ ዞሩ። የእኛ ቀን በትልቁ ተጽፏል፤ የፈረንጁ ከሥሩ በደቃቁ።

«የእኛን» አሉ። «የእኛን ዓመተ ምሕረት ነው የነገርኩት።»

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የእኛን ዓመት ሲነገረው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እዚያ ሆኖ ሲያየው ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ገና ባልመጣ ዘመን የተጻፈ ሆነበት። ማሽኑ ትክክል ነበር። ጋሽ ተስፋይ ሰዓታቸውን አወለቁ፣ ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱት፣ ባርኔጣውን አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አስናቀች፣ የታየው ለእኛ፣ የተሰማው ላንቺ!» አሉ። ቀኑን አስተካክለው፣ ዲስኩን በእጃቸው አስመርምረው ሲያስነሱት ማሽኑ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ተሳካ ብለን ነበር። ሰኞ ቢሮ ስናዳምጠው ግን መብራቱ የመታው ነገር ታወቀን። በምርመራው ስማቸው የጠፋ ቁርጥራጭ ፋይሎች ወጥተው ነበር፤ ከተጎዳው ውስጥ የመመሪያው የመጨረሻ ክፍል አለበት። እሱም ስለ አቤቱታ አቀባበል የሚናገረው ነው፤ አስናቀች ካለፈች የምትሠራው ሥራ። ያነበበው በጎ ፈቃደኛ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ወርዷል። የእኔ ድምፅ ጭራሽ ተዘግቶ በምልክት ነው የማወራው። አቶ ዘለቀ «እኔ ላንብብ» አሉ፤ ሞከሩም፤ በሩጫ ስለሚያነቡ ቁጥሩንና አንቀጹን እየዋጡ አስቸገሩ።

አስናቀች «ጋሽ ተስፋይ ያንብቡልኝ» አለች።

ብድግ አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ሊወጡ። «የኔን አማርኛ ይዘሽ ፈተና ልትገቢ ነው?»

«የሚጠይቁኝ መመሪያውን ነው፤ ማን አነበበልሽ አይሉኝም። እኔ ስልክ ላይ የስንት አገር ሰው ሳገናኝ የኖርኩ ነኝ፤ ሰው በአነጋገሩ ስቄበት አላውቅም።»

በሩን እንደያዙ ቆዩ። ያን የትምህርት ቤት ነገር ለእሷ አልነገርኳትም፤ እንዴት እንዳወቀችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ተስፋይ ተመለሱ። ሰዓታቸውን አወለቁ። ስቱዲዮ ገብተው በሩን ዘጉና ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። ማንበብ ሲጀምሩ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ የድምፁ መለኪያ መርፌ አልነቃነቅ አለ። በመስታወቱ እጄን ወደ ላይ ወደ ላይ አሳየኋቸው፤ ቀና ብለው አያዩኝም። አስናቀች የእኛን ድምፅ ስቱዲዮው ውስጥ የሚያሰማውን ቁልፍ በዳበሳ አገኘችና ተጫነችው።

«ጋሽ ተስፋይ፣ ጮክ ብለው!»

ደነገጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። «አንቀጽ» ሲሉ «ቀ»ዋ ከጥልቅ መጣች። መርፌው ተነሳ። አንዲት መስመር ሳይዘሉ፣ ቁጥሩን ከነንዑሱ፣ እኔን እንዳስለመዱኝ አድርገው አነበቡት። ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። «አሁን ገልብጪላት» አሉኝና ቀጥ ብለው ወጥተው ሄዱ፤ ምናልባት ወደ ማኪያቷቸው።

አስናቀች አለፈች። ውጤቱ ሲነገር የደወለችው ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ነው። ቢሮ ውስጥ ስልኩን ይዘው «አልሰማሁሽም፣ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» ሲሉ አየኋቸው። ሰምተዋት ነበር። ደግማ እንድትለው ፈልገው ነው። ኋላ ለእኔ «የአቤቱታው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ በሳቸው ድምፅ ነው የመጣልኝ» አለችኝ። ጋሽ ተስፋይ ከዚያ ወዲያ እስኪታመሙ ድረስ በየሳምንቱ ስቱዲዮ ገብተው ያነቡ ነበር። የእሳቸውን ቅጂ ስሙን ጠርተው የሚጠይቁ ሰዎች ተፈጠሩ። እኔ ያን መሥሪያ ቤት ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፤ የማነበው ነገር አልገባ ሲለኝ ግን አሁንም ብቻዬን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር፤ ነፋስም ነበር። አስናቀች ክንዴን ይዛ ቆማለች። የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ወጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለእኛ የሚደርስ ነገር የለም። ከፊት ያሉት ራሱ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ምን ይላል?» አለችኝ አስናቀች።

«አይሰማም።»

«ማነው የሚያነበው?»

«የወንድማቸው ልጅ ነው። ሊያስታምማቸው ከአዲግራት የመጣ።»

ጥቂት አሰበች። ክንዴን ለቀቀች። «ልጄ!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ስልክ ላይ የሠለጠነ ነው፣ ሕዝቡን አልፎ ሄደ። «አይሰማም! ጮክ በል! አጎትህ ለእኔ ጮክ ብለው ነው ያነበቡልኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ «ኧረ ቀብር ነው፣ ተይ» አሏት። ልጁ ወረቀቱን ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ ማን እንደተጣራ ፈለገ፤ ነጭ በትሯን ይዛ፣ ፊቷን ወደ እሱ አቅንታ የቆመችውን ሴት አየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። አጎቱ ያነቡ እንደነበረው፣ ያቋረጠበትን ትቶ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ፣ ያደጉበትን ቀበሌ አነበበ፤ «ቀ»ዋ ከጥልቅ መጣች። አጥሩ ጋ የቆሙት ሰዎች ጭምር ማውራታቸውን አቆሙ።

አስናቀች ክንዴን እንደገና ያዘችኝ።

«አሁን ይሰማል» አለች።